ሹል ማዕዘን ያላቸውን የትሪጎኖሜትሪ እኩልታዎች እንዴት እንፍታ?

ይህን ጥያቄ ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስጡት፦ «ሀ ሹል ማዕዘን ነው። ሳይን 2ሀ = 1/2 ከሆነ የሀ ዋጋ ስንት ነው?»

ሳይን 30° ግማሽ መሆኑን በቃሉ የያዘ ተማሪ ብዙ አያስብም። 2ሀ = 30° ይልና ለሁለት ያካፍላል፤ 15° ብሎ ጽፎም ወደሚቀጥለው ጥያቄ ያልፋል። 15° ትክክል ነው። ግን ጥያቄው ሌላም መልስ ነበረው፤ 75° ተረስቷል። 75° ሹል ነው፤ እጥፉ 150° ነው፤ የ150° ሳይንም ግማሽ ነው። ተማሪው ሒሳቡን አልተሳሳተም። የተሳሳተው ሹል የተባለው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ በማለፉ ነው፤ ሹል የተባለው ሀ እንጂ 2ሀ አልነበረም።

የትሪጎኖሜትሪ እኩልታ ሲሰጣችሁ «ሹል» የምትለዋ ቃል ከእኩልታው ያላነሰ ክብደት ያላት መረጃ ናት። አንዳንዴ መልስ ትጥላለች፤ አንዳንዴ በሌላ ጊዜ የማይፈቀድ ነገር ትፈቅዳለች፤ አንዳንዴም እንዳየነው ሁለተኛ መልስ ፈልጉ ትላለች። ከዚህ በታች ያሉት ሰባት እርምጃዎች ይህችን ቃል ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ይዞ መሄድን ያሳያሉ።

1. ሦስቱን ማዕዘኖች ከሥዕል አውጡ

ሹል ማዕዘን ማለት ከ0° የሚበልጥና ከ90° የሚያንስ ማዕዘን ነው። 0° እና 90° ራሳቸው ሹል አይደሉም፤ ይህን ኋላ ስለምንፈልገው ያዙት።

አንዱ ማዕዘኑ 90° የሆነ ጎነ ሦስት ሳሉ። ከቀሩት ሁለት ማዕዘኖች አንዱን ሀ በሉት፤ የትምህርት ቤት መጽሐፋችሁ ቴታ ይለው ይሆናል። ከ90° ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ጎን ሃይፖተነስ ነው። እንግዲህ፦

ሳይን ሀ = ከሀ ፊት ለፊት ያለው ጎን ÷ ሃይፖተነስ
ኮሳይን ሀ = ከሀ አጠገብ ያለው ጎን ÷ ሃይፖተነስ
ታንጀንት ሀ = ከሀ ፊት ለፊት ያለው ጎን ÷ ከሀ አጠገብ ያለው ጎን

«ሶህ ካህ ቶዋ» እያላችሁ ያጠናችሁት ይህንኑ ነው። ካልኩሌተር በማይፈቀድበት ፈተና ላይ ግን የ30°፣ የ45° እና የ60° ዋጋዎችም ያስፈልጋሉ። በቃል ብቻ ከያዛችኋቸው በጭንቀት ሰዓት ይምታታሉ፤ በሥዕል ከያዛችኋቸው ግን በግማሽ ደቂቃ መልሳችሁ ታወጧቸዋላችሁ።

ሦስቱም ጎኖቹ 2 የሆኑ ጎነ ሦስት ሳሉና ከላይኛው ጫፍ እስከ መሠረቱ ቀጥ ያለ መስመር አውርዱ። ለሁለት እኩል ይከፈላል። የግማሹ ማዕዘኖች 30°፣ 60° እና 90° ናቸው፤ ጎኖቹም 1፣ √3 እና 2። ለ45° ደግሞ ጎኑ 1 የሆነ ካሬ ሳሉና ከጥግ እስከ ጥግ ቁረጡት፤ የቆረጣችሁበት መስመር √2 ይሆናል። ከሁለቱ ሥዕሎች የሚነበበው ይህ ነው፦

30°፦ ሳይን 1/2፣ ኮሳይን √3/2፣ ታንጀንት 1/√3
45°፦ ሳይን √2/2፣ ኮሳይን √2/2፣ ታንጀንት 1
60°፦ ሳይን √3/2፣ ኮሳይን 1/2፣ ታንጀንት √3

የሳይኑን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ተመልከቱት፦ √1/2፣ √2/2፣ √3/2። ኮሳይኑ ይኸው ራሱ ከታች ወደ ላይ ነው።

2. ወሰኑን እወቁ

ሃይፖተነስ ከሁለቱም ጎኖች ይረዝማል። ስለዚህ የሹል ማዕዘን ሳይንም ሆነ ኮሳይን ሁልጊዜ ከ0 በላይና ከ1 በታች ነው። ታንጀንት ግን ሁለቱን አጫጭር ጎኖች ብቻ ስለሚያነጻጽር ማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛም ነገር አለ። ማዕዘኑ ከ0° ወደ 90° ሲያድግ ሳይኑና ታንጀንቱ ያለማቋረጥ ይጨምራሉ፤ ኮሳይኑ ያለማቋረጥ ይቀንሳል። ወደ ኋላ የሚመለስ የለም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ሹል ማዕዘኖች አንድ ዓይነት ሳይን ሊኖራቸው አይችልም። የሳይኑን ዋጋ ካወቃችሁ ሹል ማዕዘኑ አንድና አንድ ብቻ ነው።

ጥቅሙ ወዲያው ይታያል። 3 ሳይን ሀ = 4 ሲባል ሳይን ሀ = 4/3 ይወጣል፤ ከ1 ስለሚበልጥ መልስ የለውም። እዚያው ላይ አቁሙ። ካልኩሌተሩም ስሕተት እያለ የሚጮኸው በዚሁ ምክንያት ነው።

3. መጀመሪያ ሬሾውን፣ ቀጥሎ ማዕዘኑን

ከሁሉም በላይ የምትይዙት ደንብ ይህ ይሁን። ሀን ለማግኘት አትቸኩሉ። «ሳይን ሀ»ን እንደ አንድ ያልታወቀ ቁጥር ቁጠሩትና እሱን ብቻውን በአንድ በኩል አስቀሩት። ይህ ተራ አልጀብራ ነው።

ምሳሌ፦ 2 ኮሳይን ሀ − √3 = 0
2 ኮሳይን ሀ = √3
ኮሳይን ሀ = √3/2
ሀ = 30°

ሌላ ምሳሌ፦ 5 ታንጀንት ሀ − 2 = 3 ታንጀንት ሀ
2 ታንጀንት ሀ = 2
ታንጀንት ሀ = 1
ሀ = 45°

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ሳይን ከሀ ጋር የተባዛ ቁጥር አይደለም፤ ማዕዘን ተቀብሎ ሬሾ የሚመልስ ስም ነው። ስለዚህ ሳይን 2ሀ እና 2 ሳይን ሀ አንድ አይደሉም። በ30° ሞክሩት፦ ሳይን 60° 0.866 ገደማ ነው፤ 2 ሳይን 30° ግን ልክ 1 ነው። ከሳይን ውስጥ ያለውን 2 አውጥቶ ለሁለት ማካፈል ክልክል ነው።

ሬሾው ከሦስቱ ማዕዘኖች ካልሆነ ካልኩሌተር እንጠቀማለን። 4 ሳይን ሀ = 1.4 ከሆነ ሳይን ሀ = 0.35 ነው፤ የተገላቢጦሽ ሳይኑን ስትጫኑ ሀ 20.5° ገደማ ይወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ሳይን 30ን ሞክሩ። 0.5 ካለ መሣሪያው በዲግሪ ላይ ነው። −0.988 ካለ በራዲያን ላይ ስለሆነ መልሱት። ይህች ሙከራ አምስት ሰከንድ አትፈጅም፤ ከአንድ ሙሉ ገጽ የተበላሸ ሥራ ግን ታድናለች።

4. ሳይን በአንድ በኩል፣ ኮሳይን በሌላ በኩል ሲቆሙ

ሳይን 3ሀ = ኮሳይን (2ሀ + 10°)፤ 3ሀ እና 2ሀ + 10° ሹል ማዕዘኖች ናቸው።

እዚህ ሬሾውን ብቻውን ማውጣት አይቻልም። መፍትሔው ያለው በኮሳይን ስም ውስጥ ነው። «ኮ» የምትለዋ ቅጥያ «ማሟያ» ከሚለው የላቲን ቃል የመጣች ናት፤ በ1620 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ያስገባት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ኤድመንድ ጉንተር ነው። ኮሳይን ማለት የማሟያው ሳይን ማለት ነው፤ ማሟያ የሚባለው 90° ለመሙላት የቀረው ማዕዘን ነው። ወደ ሥዕላችሁ ተመለሱ። ከአንዱ ሹል ማዕዘን ፊት ለፊት ያለው ጎን ከሌላው ሹል ማዕዘን አጠገብ ያለው ጎን ነው። የአንዱ ሳይን የሌላው ኮሳይን ይሆናል፤ የሁለቱ ማዕዘኖች ድምርም 90° ነው።

እንግዲህ የሁለቱ ሹል ማዕዘኖች ሳይንና ኮሳይን እኩል ከሆኑ ድምራቸው 90° ይሆናል፦
3ሀ + 2ሀ + 10° = 90°
5ሀ = 80°
ሀ = 16°

ማረጋገጫ፦ 3ሀ = 48°፣ 2ሀ + 10° = 42°። ሁለቱም ሹል ናቸው፤ ድምራቸውም 90° ነው።

ታንጀንትና ኮታንጀንትም (የማሟያው ታንጀንት) በዚሁ መንገድ ይፈታሉ። በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ስም ካለ ግን መደመር የለም፤ ማዕዘኖቹን ራሳቸውን እኩል አድርጉ። ሳይን (2ሀ + 15°) = ሳይን (ሀ + 40°) ከሆነና ሁለቱም ሹል ከሆኑ 2ሀ + 15° = ሀ + 40° ነው፤ ሀ = 25° ይወጣል።

5. ሬሾው በካሬ ሲመጣ ወይም ሁለት ሬሾዎች ሲቀላቀሉ

2(ሳይን ሀ)² − 3 ሳይን ሀ + 1 = 0

ሳይን ሀን መ በሉት። 2መ² − 3መ + 1 = 0 ይሆናል፤ ይህ ደግሞ የምታውቁት ኳድራቲክ ነው። (2መ − 1)(መ − 1) = 0 ስለሆነ መ = 1/2 ወይም መ = 1 ነው። ከመጀመሪያው ሀ = 30° ይገኛል። ሁለተኛው 90° ይሰጣል፤ 90° ግን ሹል አይደለም። ስለዚህ ይወድቃል። መልሱ 30° ብቻ ነው።

ሳይንና ኮሳይን ሲቀላቀሉ አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ያስፈልጋል። የሚለውጠው የፓይታጎረስ ቲዎረም ነው፦ (ሳይን ሀ)² + (ኮሳይን ሀ)² = 1።

ምሳሌ፦ 2(ኮሳይን ሀ)² = 1 + ሳይን ሀ
2 − 2(ሳይን ሀ)² = 1 + ሳይን ሀ
2መ² + መ − 1 = 0
(2መ − 1)(መ + 1) = 0

መ = −1 ከወሰናችን ውጭ ነው። መ = 1/2 ይቀራል፤ ሀ = 30°። የትኛውን ልለውጥ ብላችሁ ካመነታችሁ ካሬ ያለበትን ለውጡ። ካሬ የሌለበትን ብትነኩ ዳግም ዘር፣ ማለትም ስኩዌር ሩት፣ ውስጥ ትገባላችሁ።

«ሹል» የምትለዋ ቃል ፈቃድ የምትሰጠን እዚህ ላይ ነው። √3 ሳይን ሀ = ኮሳይን ሀ የሚለውን ሁለቱንም ወገን ለኮሳይን ሀ ብናካፍል ታንጀንት ሀ = 1/√3 ይሆናል፤ ሀ = 30°። 2 ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ = ኮሳይን ሀ የሚለውንም እንዲሁ ብናካፍል ሳይን ሀ = 1/2 ይወጣል፤ ሀ = 30°። ማካፈሉ የተፈቀደው የሹል ማዕዘን ኮሳይን ፈጽሞ ዜሮ ስለማይሆን ነው። ነገ ጥያቄው «ከ0° እስከ 360°» ካለ ግን ፈቃዱ ይነሣል። ያኔ ማካፈል 90° እና 270°ን ከመልሱ ያጠፋልና፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥታችሁ የጋራውን አብዢ አውጡ።

6. ከሀ ጋር ቁጥር ሲባዛ ወሰኑን አስፉ

አሁን ወደ መነሻችን እንመለስ። ሀ ከ0° እስከ 90° ከሆነ 2ሀ ከ0° እስከ 180° ነው፤ 3ሀ ደግሞ ከ0° እስከ 270°። ስለዚህ ከመፍታታችሁ በፊት አዲሱን ወሰን በጎን ጻፉት።

ሳይን 2ሀ = 1/2፣ 2ሀ ከ0° እስከ 180°። በዚህ ወሰን ሳይኑ ግማሽ የሚሆነው በ30° እና በ180° − 30° = 150° ነው። ለሁለት ስናካፍል 15° እና 75°።

ታንጀንት 3ሀ = 1፣ 3ሀ ከ0° እስከ 270°። ታንጀንት በየ180° ስለሚደገም 45° እና 225° ይገኛሉ። ለሦስት ስናካፍል 15° እና 75°።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ በወሰኑ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ዘርዝሩ፣ ከዚያ አካፍሉ። አስቀድሞ ያካፈለ ሁለተኛውን መልስ አያገኘውም።

በእርምጃ 4 የፈታነውን እኩልታም በዚህ ዓይን እንየው። እዚያ 3ሀ እና 2ሀ + 10° ራሳቸው ሹል ናቸው ተብሎ ነበር፤ መልሱም 16° ብቻ ሆነ። ጥያቄው «ሀ ሹል ነው» ብቻ ቢል ኖሮ 88°ም መልስ በሆነ ነበር፦ 3ሀ = 264°፣ 2ሀ + 10° = 186° ይሆናል፤ ሳይን 264° እና ኮሳይን 186° ሁለቱም −0.9945 ገደማ ናቸው። እኩልታው አንድ ነው፤ ሹል የተባለው ሲለያይ መልሱ ተለያየ። ስለዚህ ጥያቄውን ስታነቡ ሹል የተባለውን ነገር ከሥሩ አስምሩበት።

7. መልሱን መልሳችሁ አስገቡት

የመጨረሻው እርምጃ ያገኛችሁትን በመጀመሪያው እኩልታ መተካት ነው። በተለይ ሁለቱን ወገኖች ካሬ ካደረጋችሁ ይህ ግዴታ ነው፤ ካሬ ማድረግ ሐሰተኛ መልስ ያስገባልና።

አንዳንዴ ደግሞ ሥዕሉ ከአልጀብራው ይቀድማል። ሳይን ሀ + ኮሳይን ሀ = 1 የሚለውን ተመልከቱ። ሃይፖተነሱ 1 የሆነ ጎነ ሦስት ብትስሉ ሳይንና ኮሳይን ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ናቸው። እኩልታው የሚለው «ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ሲደመሩ ከረጅሙ ጋር እኩል ናቸው» ነው። ይህ ሊሆን አይችልም፤ ሜዳ አቋርጦ የሚሄድ ሰው መንገዱ ጥጉን ዞሮ ከሚሄደው ሁልጊዜ ያጥርለታል። ስለዚህ ሹል መልስ የለም። በአልጀብራም ካሬ ብታደርጉት 2 ሳይን ሀ × ኮሳይን ሀ = 0 ይወጣል፤ ለሹል ማዕዘን ከሁለቱ አንዳቸውም ዜሮ አይሆኑም። «መልስ የለም» ብሎ መጻፍ ሙሉ መልስ ነው፤ አትፍሩት።

አንድ ተግባራዊ ጥያቄ

በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል። አንድ ጠዋት ፀሐይ ከአድማስ በሀ ከፍታ ላይ ሳለች የጥላውን ርዝመት ለካችሁ እንበል። ቆይታችሁ ስትመለሱ የፀሐይዋ ማዕዘን እጥፍ ሆኖ ጥላው ወደ ሲሶው አጠረ። ሀ ስንት ነበር?

ጥላው 24 ÷ ታንጀንት ሀ ነው፤ ኋላ ደግሞ 24 ÷ ታንጀንት 2ሀ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሲሶ ስለሆነ 24 ይጣፋና ይህ ይቀራል፦
ታንጀንት 2ሀ = 3 ታንጀንት ሀ

ታንጀንት ሀን መ ካልነው የእጥፍ ማዕዘን ቀመሩ ታንጀንት 2ሀ = 2መ ÷ (1 − መ²) ነው። ስለዚህ 2መ ÷ (1 − መ²) = 3መ። ሀ ሹል ስለሆነ መ ዜሮ አይደለም፤ ለመ ማካፈል ተፈቅዷል፦
2 = 3 − 3መ²
መ² = 1/3

ሹል ማዕዘን ነጋቲቭ ታንጀንት ስለሌለው መ = 1/√3 ብቻ ነው፤ ሀ = 30°። ማረጋገጫ፦ በ30° ጥላው 24√3፣ ማለትም 41.6 ሜትር ገደማ ነው፤ በ60° ደግሞ 8√3፣ ማለትም 13.9 ሜትር ገደማ። ልክ ሲሶው ነው።

ራሳችሁን ፈትኑ

በሁሉም ጥያቄዎች ሀ ሹል ነው።

ሀ) √2 ኮሳይን ሀ = 1
ለ) ሳይን (2ሀ + 5°) = ኮሳይን (ሀ + 25°)፤ ሁለቱም ማዕዘኖች ሹል ናቸው
ሐ) 4(ሳይን ሀ)² = 3
መ) ኮሳይን 2ሀ = −1/2
ሠ) (ታንጀንት ሀ)² − (1 + √3) ታንጀንት ሀ + √3 = 0

መልስ፦ ሀ) 45°። ለ) 20°። ሐ) 60°። መ) 60°፤ ሬሾው ነጋቲቭ ቢሆንም 2ሀ እስከ 180° ስለሚደርስ 120° ይሆናል። ሠ) 45° እና 60°፤ እዚህ ሁለቱም ሥሮች ፖዘቲቭ ስለሆኑ አንዱም አይወድቅም።

«መ»ን መልስ የለውም ብላችሁ ከሆነ እርምጃ 6ን፣ «ሠ» ላይ አንድ መልስ ብቻ ካገኛችሁ እርምጃ 5ን ደግማችሁ አንብቡ። ቀጥሎ ከመጽሐፋችሁ አምስት ጥያቄዎች ምረጡ፤ እርሳስ ከማንሣታችሁ በፊት ግን በእያንዳንዱ ላይ ሹል የተባለው ምን እንደሆነ አስምሩ።